ሰባት ዓመት ያደረ ግዝት

ጥር ሃያ አንድ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የአስተርእዮ ማርያም በዓል በዋለበት እሑድ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ አድባራት በአንደኛው ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሊበተን ሲሰናዳ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሕዝቡም ነጠላውን እያስተካከለ ባለበት ቆመ። ያን ሰሞን ከዐውደ ምሕረት የሚነገረው ሁሉ ልብ የሚያርድ ነበርና ልጅ ያዘለች እናት ሳትቀር ጸጥ አለች። ከሳምንት በፊት ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳት ሾመው አገሩ ሁሉ ታምሷል፤ ሲኖዶሱም ሿሚዎቹንና ተሿሚዎቹን አውግዟል፤ በየደብሩም ማን ከማን ጋር እንደቆመ ሰው በዓይኑ ይፈላለግ ጀምሯል።

የአስተዳዳሪው ቃል አጭር ነበር። የደብሩ አገልጋይ መልአከ ብርሃን ቀሲስ ገብረወልድ፣ ከተወገዙት ለአንዱ በተደረገ አቀባበል ላይ ታይተዋል በመባላቸው፣ ነገራቸው እስኪጣራ ድረስ ከማናቸውም ክህነታዊ አገልግሎት ታግደዋል፤ ምእመናንም ይህን ዐውቀው ከእርሳቸው ቡራኬ እንዳይቀበሉ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ግማሹ «የእጃቸውን ነው ያገኙት» አለ፤ ግማሹ «እኚህን የመሰሉ አባት!» ብሎ አማተበ። በሴቶች በኩል ከጽዱ ሥር የቆመችው ወይዘሮ ሰብሌ ግን እንዲህም እንዲያም አላለችም። ቀሲስ ገብረወልድ የንስሐ አባቷ ናቸው፤ እናትና አባቷን ፈትተው የቀበሩላት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ማዘን ነበረባት፤ ካልሆነም መቆጣት። እሷ ግን ውስጧን ብትፈልግ አንዱንም አላገኘችም። ያገኘችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ታዲያ እኔን ማን ሊፈታኝ ነው?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰብሌና ምህረት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ ሲሞት ለሁለቱ ሴት ልጆቹ የተወላቸው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ያለውን የመጋረጃ ሱቅ ነው። ታላቂቱ ሰብሌ ጨርቅ ትለካለች፤ ታናሺቱ ምህረት ደንበኛ ታስቃለች፤ ሱቁም በዚሁ ይኖር ነበር። ምህረት ብሩኬ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብታ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ ውላ አድራም ከባሏ ጋር ወደ ጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት መሄድ ጀመረች። ሰብሌ ስትሰማ አለቀሰች፤ አኮረፈች፤ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ ለመደችው።

ቀሲስ ገብረወልድ ግን ነገሩን ከሌላ ሰው ሰሙ። የሰብሌን ቤት ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ፊታቸው ከደጅ ጀምሮ ተቀይሮ ነበር፤ ረጭተው ከተቀመጡም በኋላ፣ በግራ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ በቀኛቸው መስቀሉን አነሡና «ስሚ ወለተጻድቅ» አሉ። ወለተጻድቅ የሰብሌ የክርስትና ስሟ ነው። «የዚያችን ልጅ ደጅ ብትረግጪ፣ ከማዕዷም ብትቀምሺ፣ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ!» ከዚያ ሻዩ ቀዝቅዟል ብለው ሌላ አስቀዱ፤ ስለ ዘይት መወደድ ተጫወቱ፤ ባርከው ሄዱ።

ግዝት ወረቀት አይፈልግም፤ ማኅተምና ምስክርም የለውም። ካህኑ ይናገራል፤ የንስሐ ልጁ ይሰማል፤ አለቀ። ያፈረሰ ሰው ከቁርባን ይርቃል፤ ሲሞትም ነፍሱ ታስራ ትቀራለች ተብሎ ይፈራል። ሰብሌ ያን ቀን አልተከራከረችም፤ በኋላም «ይፍቱኝ» ብላ ደጅ አልጠናችም። ግዝቱ የእሷን እግር እንጂ የምህረትን አላሰረምና፣ ምህረት ራሷ ወደ ሱቅ ትመጣ ነበር፤ ከሰብሌ ምሳ ትቀማለች፤ ደንበኛ ታስቃለች፤ «በይ እንግዲህ፣ ወደ ተወገዘው ቤቴ ልሂድ» ብላ ቦርሳዋን ታነሣለች። እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት ሄደ፤ የታሰረ ነገር መኖሩም ተረሳ ማለት ይቻላል።

እገዳው በተነገረበት በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ምህረት ታመመች። ጉበቷ ነው ተባለ። ሐኪም ቤት ሳለች ሰብሌ ከአጠገቧ አልተለየችም፤ ሐኪም ቤት የምህረት ቤት አይደለምና። ኅዳር ላይ ግን ሐኪሞቹ «ቤቷ ሆና ትረፍ» አሉ፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ብሩኬና ጎረቤቶቹ በወንበር ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አወጧት፤ ከዚያ ወዲያ ምህረት መውረድ አልቻለችም። ሰብሌም መግባት አልቻለችም።

ያገኘችው መላ ደረጃው ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ የሁሉም ስለሆነ የማንም ደጅ አይባልም ብላ ከራሷ ጋር ተስማማች፤ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ትወጣና ከዚያ አልፎ ባለው መታጠፊያ ላይ ትቆማለች። ብሩኬ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ምህረትን ሶፋ ላይ አድርጎ ከበሩ ፊት ለፊት ያዞራታል፤ አጥሚቱንም ወርዶ ከሰብሌ እጅ ይቀበላል። እህትማማቾቹ እንዲህ ሆነው፣ አንዷ ከታች አንዷ ከላይ፣ ሲያወጉ ይውላሉ። የሚወጣ የሚወርድ ጎረቤት መጀመሪያ ይገረም ነበር፤ በኋላ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ በመካከላቸው ማለፍ ለመደ።

ሰብሌ ነገሩን ጥር መጨረሻ ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ቀሲስ ገብረወልድን ለምና ልትጨርሰው አስባ ነበር። እገዳው የቀደማት እንዲህ ስታስብ ነው።

ሰኞ ዕለት ሱቋን ለጎረቤቷ ለዙሀራ አደራ ብላ ወደ ሌላ ደብር ሄደች፤ በዚያ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ቆሞስ በአስተዋይነታቸው የታወቁ ናቸውና። ቆሞሱ ከክፍላቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባቴ፣ የንስሐ አባቴ የገዘቱኝ ግዝት አለብኝ። ቢፈቱኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«የገዘተሽ ካህን ሞቷል?»

«የለም፤ በሕይወት አሉ።»

«እንግዲያው ያሰረሽ ይፍታሽ። የሌላውን ግዝት እኔ አልነካም።»

«ታግደዋል እኮ አባቴ። አስተዳዳሪው በጉባኤ ነገሩን።»

ቆሞሱ ቀና ብለው አዩዋት። «ሲገዝትሽስ ታግዶ ነበር?»

«ኧረ ሰባት ዓመት ሆኖኛል።»

«ያኔ ሥልጣኑ ነበረው። ስለዚህ ግዝቱ የጸና ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሥልጣኑ ተይዟል። ሊፈታሽ አይችልም።»

ሰብሌ ነገሩን በልቧ አገላበጠችው። «እንግዲህ የታገደው መፍታቱ ብቻ ነው አባቴ? ማሰሩ አልታገደም?»

ቆሞሱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጥያቄዋም እንደገባቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር። ቢሆንም ያ ዘመን ለካህን የሚያስፈራ ዘመን ነው። «ልጄ፣ ዛሬ በወዲያኛው ወገን የተጠረጠረ ካህን ያሰረውን ፈታሁ ቢባል፣ ነገ እኔም ተጠያቂ ነኝ። አባቶች ይወስኑ፤ ጥቂት ታገሺ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ሱቅ ስትመለስ ዙሀራ ጠበቀቻት። ዙሀራ ከሰብሌ ሱቅ ግድግዳ ተጋርታ ምንጣፍ የምትሸጥ ሙስሊም ናት፤ ምህረትን ከልጅነቷ ታውቃታለች፤ በየሳምንቱም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ ትጠይቃታለች።

«እሺ፣ ተፈታሽ?»

«ያሰረሽ ይፍታሽ አሉኝ።»

«አይ የናንተ ነገር። መስቀል ስትሳለሚ ሁልጊዜ ‹እግዚአብሔር ይፍታሽ› አይደል እንዴ የሚሉሽ? አሁንስ አላሉሽም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«እሱ ሰላምታ ነው።»

ዙሀራ ሳቋ መጥቶባት ዋጠችው። «እኔ ሙስሊሟ ገብቼ እጇን ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ አንቺ የእናቷ ልጅ ደረጃ ላይ ቆመሽ ትውያለሽ። ወላሂ፣ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።»

«እኔም አላምንም ነበር» አለች ሰብሌ፤ ሜትሯንም አንሥታ ያልታዘዘ ጨርቅ መለካት ጀመረች።

በማግሥቱ አስኮ ሄደች፤ ቀሲስ ገብረወልድ ቤት። ሳታያቸው በፊት፣ ምናልባት ታግደው ሲያዩ ልባቸው ሰፍቶ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራት። ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ ግራጫ ሹራብ ለብሰው፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ያለ ጥምጥም ትንሽ ሽማግሌ ናቸው። ሰብሌ እንደ ልማዷ ልትሳለም ጎንበስ ስትል እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«ተይ! ተይ ልጄ። መስቀል አልያዝኩም።»

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁት። ያን ግዝት...»

«እንዳትነግሪኝ!» አሉ ደንግጠው። «የታገደ ካህን ኑዛዜ አይሰማም።»

«ኑዛዜ አይደለም፤ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው።»

«ቢሆንም። ዘመድ ጠርቶኝ ምሳ ልበላ በሄድኩ ምን እንደመጣብኝ አየሽ አይደል? አሁን ደግሞ ‹ታግዶ ሳለ ፈታ› ይበሉኝ? እንጀራዬም ክህነቴም በዚያው አለቀ ማለት ነው። ነገሬ ይጣራና ነይ፤ እፈታሻለሁ፤ ምን ገዶኝ!»

«ጊዜ የለኝም አባቴ።»

«ማን ጊዜ አለው ልጄ?» አሉና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፤ ዜና እየጀመረ ነበር። ሰብሌ ባለቤታቸው ያቀረቡላትን ውኃ ጠጥታ ወጣች። ፌርማታው ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ታክሲው ሲሄድ፣ መሳፈር እንደነበረባት ኋላ ነው ትዝ ያላት።

ጾመ ነነዌ ገባ። ሲኖዶሱ ሕዝቡ ሦስቱን ቀን ጥቁር ለብሶ እንዲጾም እንዲጸልይ ዐውጆ ነበርና ከተማው ጠቆረ፤ አስተማሪው፣ ባለሱቁ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሙሽራ የሆነው ሳይቀር ጥቁር ለበሰ። ሰብሌም የእናቷ ሐዘን ጊዜ የለበሰችውን ቀሚስ ከሻንጣ አውጥታ ለብሳ ወደ ዓለም ባንክ ሄደች፤ መታጠፊያውም ላይ ቆመች።

ምህረት ከሶፋው ላይ አየቻት። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ፊቷ ከስቷል፤ አፏ ግን ያው የሱቁ አፍ ነው። «እትዬ! ገና ሳልሞት ከል ለበስሽልኝ?»

«ላንቺ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ነው።»

«እሷም ታማለች?»

«ታማለች።»

«እግዚአብሔር ይማራት» አለች ምህረት። «እኔንም።»

ብሩኬ ፊቱን አዙሮ ወደ ማድ ቤት ገባ። ሰብሌ ልታለቅስ እንደሚገባ አወቀች፤ እንባው ግን አልመጣም። አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝ ብቻ አሰበች። እገዳው ከተነገረ ወዲህ እንዲህ ሆናለች፤ ሰው ሲያናግራት ትመልሳለች፤ ትበላለች፤ ትተኛለች፤ አንድም ነገር ግን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ደረጃው ላይ ቆሞ መዋል እግሯን ያደነዝዘው ነበር፤ መደንዘዙ ከእግሯ ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ይመስላት ጀመር።

በዚያው ሳምንት አገሩ በጭንቅ ዋለ። ለየካቲት አምስት ታላቅ ሰልፍ ተጠርቶ ነበርና ሰው ሁሉ ደም ይፈሳል ብሎ ፈራ፤ ከዚያ ሰልፉ ተላለፈ፤ ከመንግሥት ጋር ንግግር ተጀምሯል ተባለ። እርቅ ሊወርድ ነው የሚለው ወሬ ቀራንዮ ገበያ ሲደርስ ሰዎች ተቃቀፉ። ሰብሌም ሰማች። እርቅ ከወረደ እገዳ ይነሣል፤ እገዳ ከተነሣ ቀሲስ ገብረወልድ ይፈቷታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ሲመታ ተሰማት።

እሑድ የካቲት አምስት ከሰዓት በኋላ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ምህረት ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም፤ ተኝታለች። ብሩኬ ራሷን በትራስ ቀና አደረገላት። ሳቅ የለም፤ ቀልድ የለም። እህቷን አየቻትና ያን ሁሉ ወር አንድ ጊዜም ያላለችውን አለች።

«እትዬ፣ ግቢ።»

ሰብሌ እጇን ከደረጃው ብረት ላይ አሳረፈች።

«ምህረትዬ፣ ሊታረቁ ነው። በዚህ በሁለት ቀን ያልቃል እየተባለ ነው። ሁለት ቀን ታገሺኝ፤ ከዚያ ገብቼ አልወጣም፤ አጠገብሽ ነው የምተኛው።»

«እሺ» አለች ምህረት። እህቷን አታስቸግርም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አላስቸገረቻትም። «ጉንጬን ግን በረደኝ። ይሄ ብሩኬ እጁ ሻካራ ነው።»

ብሩኬ ደረጃውን ወርዶ ከሰብሌ ፊት ቆመ። ክርክር የማያውቅ ሰው ነው። «እትዬ ሰብሌ፣ እባክዎ» አለ። «በሩን ልንቀለውና ላውጣው? በር ከሌለ ደጅ አይባልም ይሆናል።»

የሚሳለቅባት መስሏት ቀና አለች፤ ዓይኑን ስታይ ግን ከልቡ ነው። አሰበችበት፤ በእውነት አሰበችበት። ከዚያ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ግዝት በእንዲህ ያለ ነገር አይታለልም ብላ ፈራች፤ ደግሞ ሁለት ቀን ምን አላት? አጥሚቱን ሰጥታው ወረደች።

ምህረት ሰኞ ጧት ሞተች።

ሰብሌ ስልኩ ተደውሎ ስትመጣ ደረጃው በሰው ተሞልቶ ነበር። እግሯ ሦስተኛውን ፎቅ አልፎ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ በራሱ ቆመ፤ እሷም አልገፋችውም። ዙሀራ ከላይ ስትጮህ ሰማች። በማግሥቱ ሬሳው በጠባቡ ደረጃ ሲወርድ ተሸካሚዎቹ መታጠፊያው ላይ ሣጥኑን ማቆም ግድ ሆነባቸውና ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ አሳለፈቻቸው። ሣጥኑ ደረቷን ነክቶ አለፈ። መቃብር ሄደች፤ መቃብር ቤት አይደለምና። ጴንጤዎቹ ዘመሩ፤ ብሩኬ ወደቀ፤ ሰው አነሣው። እሷን ማንም ማንሣት አላስፈለገውም፤ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጫማዋ ላይ የነካውን ጭቃ ታያለች።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ የካቲት ስምንት፣ እርቅ ወረደ። በቀራንዮ እልል ተባለ። ዙሀራ ድምፁ እንዳይሰማት የሰብሌን ሱቅ በር ዘጋችላት።

የካቲት ሳይወጣ የቀሲስ ገብረወልድ እገዳ ተነሣ። ዐቢይ ጾም ገብቶ የንስሐ ልጆቻቸው በየተራ ሲቀርቡ ሰብሌም ሰልፉን ጠብቃ ቀረበች። ለምን እንደሄደች ለራሷም በትክክል አታውቀውም። ቃል ገብተውላት ነበር፤ እሷም የጀመረችውን ጨርቅ ሳትቆርጥ የማትተው ሴት ነበረች። ቀሲስ ጥምጥማቸውን ጠምጥመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

«ወለተጻድቅ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈ እኮ! ያኔ ስላሳዘንኩሽ ይቅር በይኝ፤ ጨንቆኝ ነው።»

«ከግዝቱ ይፍቱኝ አባቴ።»

«እንዴታ!» አሉ። ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ መስቀላቸውን ከራሷ ላይ አድርገው ጸሎተ ፍትሐቱን ሳያጓድሉ ደገሙ። ሲጨርሱ ተቀመጡና በአባትነት ዓይን አዩዋት። «ለመሆኑ ምን ብዬ ነበር የገዘትኩሽ?»

ሰብሌ መጀመሪያ የሚፈትኗት መሰላት።

«የእህቴን ደጅ እንዳልረግጥ።»

«የእህትሽን?» ግንባራቸው ተኮማተረ፤ ከልባቸው እየፈለጉ ነበር። «ያቺ ሳቂታዋን? እኔ?... ተቆጥቼ ይሆናል ልጄ። የተቆጣ ሰው ብዙ ይናገራል። እና እስከ ዛሬ ስትጠብቂው ኖርሽ? አዬ ልጄ! በይ እንግዲህ ዛሬውኑ ሂጂና ጠይቂያት፤ ሰላም በይልኝ። ደህና ናት?»

ከኋላዋ ያለችው ሴት ተራዋ ደርሶ ጉልበቷን ማጠፍ ጀምራለች። ሰብሌ የሚሉትን ሁሉ ሰማች፤ ቃላቱ አንድ በአንድ ገቧት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ግዝት የጠበቀው በሰማይም በምድርም ማን ነበር ብላ አሰበች፤ ከራሷ ሌላ ማንም አልመጣላትም።

«እሺ አባቴ» አለች።

መስቀሉን ዘረጉላት። አየችው። እምቢ ለማለት አልነበረም፤ እምቢታ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል፤ ከንፈሯ ብቻ እንደ ወትሮው አልሄደም። ዞራ ወጣች። ቀሲስም መስቀሉን ለቀጣይዋ ሴት አሳለፉት።

የዚያን ወር ነገር የሚጽፍ ሁሉ ማን ማንን እንደሾመ፣ ማን ማንን እንዳወገዘ፣ በየካቲት ስምንትም እንዴት ስምምነት እንደተደረገ ይጽፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው፤ አገር ከጥፋት የተረፈበት ቀን ነውና። በአንድ የሻይ ብርጭቆ ላይ የተነገረ ግዝት ግን የትም አልተመዘገበም፤ የተናገሩት ካህን ረስተውታል፤ የተነገረባት ምህረትም የለችም። ሰብሌ አሁንም ቀራንዮ መጋረጃ ትሸጣለች፤ ጠበል የሚረጭ ካህን ሲመጣም በሩን ትከፍታለች። ስለ ጵጵስና፣ ስለ ሥልጣን፣ ማን ማሰር ማን መፍታት እንደሚችል ሰዎች ሱቋ ውስጥ ሲከራከሩ ግን አትገባበትም። እሷ የምታስታውሰው «ሁለት ቀን ታገሺኝ» የሚለውን ነው፤ ያን ደግሞ ቀሲስ ገብረወልድ አላሉትም፤ ሲኖዶሱም አላለውም፤ ያለችው እሷ ናት።